ጉሙ ሳይገለጥ ካርታውን መገመት

ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም እየተጫወትን፣ መብራት የጠፋው 41ኛው ተራ ላይ ነበር። የላፕቶፔ ባትሪ አርጅቷል፣ 20 ደቂቃም አይዘልቅም። ጌሙን ሴቭ አድርገን ዘጋነው። ደብረ ብርሃን፣ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነን፣ እኔና የአክስቴ ልጅ። ወሩ ኅዳር ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ጋቢ ተከናንበናል። መሀላችን አንድ ሳህን ቆሎ አለ፣ መስኮቱ ላይ አንድ ሻማ።

«ከዚያ ከተራራው ጀርባ ምን ያለ ይመስልሃል?» አለኝ።

«ባሕር» አልኩት።

«ኧረ ተው! ሜዳ ነው። ፈረስም አይጠፋውም።»

ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ስኩዌር ደብተር አወጣሁና እስካሁን ያየነውን መሬት በእርሳስ ነደፍኩት። ወንዙን፣ ሁለቱን ተራሮች፣ ከሰሜን በኩል ያለውን ደን። ከዚያ እሱ ያላየነውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሞላ፣ እኔ በቀይ። 6 ቦታ ላይ ቁጥር ጻፍን። የተሸነፈ ቁርስ ይከፍላል ተባባልን።

በማግስቱ ማታ መብራት ሲመጣ ስካውቱን፣ መሬት የሚቃኘውን ሰው፣ ልከን አየን። ከ6ቱ ቦታ እሱ 2 አገኘ፣ እኔ 1። ባሕር የለም። ፈረስ አለ። ቁርሱን ከፈልኩ።

እውነት ለመናገር ከቁርሱ ይልቅ ያ ደብተር ነው የቆጨኝ። ሁለታችንም ያን ያህል ሰዓት ተጫውተን፣ ከዓይናችን 4 ቁራሽ መሬት አልፎ ያለውን መሬት መገመት አንችልም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ጌም ግምታችንን አስቀድመን መጻፍ ልማድ አደረግን። 3 ዓመት ሆነው። የተማርኩትን እዚህ የማስቀምጠው፣ እንደኔ 60ኛው ተራ አካባቢ ሲደርስ «ከተማዬን የተሳሳተ ቦታ ተክያለሁ» ብሎ ለሚበሳጭ ሰው ነው።

ሲቪላይዜሽን 6 ተራ በተራ የሚጫወቱት፣ ከተማ እየተከሉ ሀገር የሚገነቡበት ጌም ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ነው። እኛ እጅ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ኤፒክ ጌምስ ስቶር ለአንድ ሳምንት በነፃ ሲለቀው ነው። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ካርታው ባለ 6 ጎን ቁራሽ መሬቶች ነው፣ ታይል እንላቸዋለን። ስትጀምር ከጥቂት ታይል በቀር ሁሉም እንደ ድሮ ብራና ተሸፍኗል። ሰው እየላክህ ትገልጠዋለህ። አንዴ የታየ ቦታ ሰው ከለቀቀው ይደበዝዛል፣ መሬቱ ግን ይታወቃል። እኔ የማወራው ጭራሽ ስላልታየው ነው።

መጀመሪያ የሳትኩት በሀገሬ ምክንያት ነው። ይህን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ የእኛ ሀገር ልጅ የሚስተው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። የአክስቴ ልጅ የሸዋ ሮቢት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300። ጠዋት ጃኬት ለብሰህ ትነሳለህ። ጣርማበር ላይ ጉሙ መኪናውን ይውጠዋል፣ ኮፍያም ትጨምራለህ። ዋሻውን አልፈህ መውረድ ስትጀምር ጆሮህ ይደፈናል። ደብረ ሲና ላይ ኮፍያው ይወልቃል። ሮቢት ስትደርስ ጃኬቱን በእጅህ ይዘህ ጥላ ትፈልጋለህ። ገብስና ባቄላ ላይ የነበረ ዓይንህ ማሽላና ማንጎ ላይ አረፈ። ስለዚህ እኛ ጭንቅላት ውስጥ አየር ማለት ከፍታ ነው። ሽቅብ ብርድ፣ ቁልቁል ሙቀት። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለን የከፈልነውም በዚያ ነው።

ጌሙ ውስጥ ይህ አይሠራም። እዚያ አየሩን የሚወስነው ከካርታው ወገብ ያለህ ርቀት ነው። ከላይና ከታች ጫፍ በረዶ አለ። ቀጥሎ ቱንድራ፣ ብርዳም ጠፍ መሬት። ከዚያ ሣርማና ሜዳማ መሬት። በረሃው በመሀል ይመጣል፣ የዝናብ ደኑ ወገቡ አካባቢ። ተራራ ብታይ ከጀርባው ብርድ አለ ማለት አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ የዝናብ ደን መሀል ትልቅ የተራራ ሰንሰለት ሊቆም ይችላል። ድልድል ያለ ሜዳም በረዶ ለብሶ ይገኛል።

እኔ ግን ለወራት ተራራ ባየሁ ቁጥር «ከዚያ ወዲያ ደጋ ነው፣ አይረባም» እያልኩ ስካውቴን እመልስ ነበር። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሜዳ ባየ ቁጥር «ይኼማ ቆላ ነው፣ ወርደን እንስፈር» ይላል። ሁለታችንም የየቤታችንን መሬት ነበር የምንስለው። ቀይና ሰማያዊውን ስዕል ጎን ለጎን ሳይ ነው የገባኝ። የእኔ ግምት ሁሉ ደብረ ብርሃንን ይመስላል፣ የሱ ሮቢትን።

ስለዚህ አሁን አዲስ ካርታ ስጀምር የመጀመሪያው ጥያቄዬ «የትኛው ቀበቶ ላይ ነኝ?» የሚል ነው። ቱንድራ በሰሜን ካየሁ ዋልታው ቅርብ ነው ማለት ነው። ሁለተኛውን ስካውት ወደዚያ አልክም። ዓለሙ ያለው በደቡብ ነው። ቁጥር ማድረግም ይቻላል። «ስሞል» የሚባለው የካርታ መጠን 74 በ46 ታይል ነው። ስካውቴ ከዋና ከተማዬ 8 ረድፍ ወደ ሰሜን ሄዶ የካርታው ጫፍ ላይ ከደረሰ፣ ወደ ደቡብ 37 ረድፍ ይቀረኛል። ምሥራቅና ምዕራብ ግን በአብዛኞቹ የካርታ ዓይነቶች ይገናኛሉ፣ ወደ ምሥራቅ የሄደ በምዕራብ በኩል ይመለሳል። ጫፍ ያለው ላይና ታች ብቻ ነው።

ወንዝ ላይ ግን የሀገር ልጅነቴ ጠቅሞኛል።

ከጣርማበር እስከ አንኮበር የተዘረጋው የተራራ ጠርዝ ውኃን ለሁለት የሚከፍል ነው። በምዕራብ በኩል የወረደው ዝናብ በበሬሳ አድርጎ ጀማ ይገባል፣ ከጀማ ዓባይ። በምሥራቅ በኩል የወረደው በሮቢና በከሰም አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። አንድ ጠርዝ ላይ ቆመህ፣ አንዱ ጠብታ ግብፅ ሌላው አፋር።

ጌሙም ወንዝን በዚሁ ሥርዓት ነው የሚሠራው። ወንዝ ከከፍታ ይነሳል፣ ባሕር ወይም ሐይቅ ሳይደርስ አይቆምም። ስለዚህ የወንዝ ቁራጭ ሳይ አንዱ ጫፉ ወደ ኮረብታ ወይም ተራራ፣ ሌላው ወደ ውኃ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ተራራው የታየኝ በምዕራብ ከሆነ በምሥራቅ በኩል ውኃ እጠብቃለሁ። ከአንድ የተራራ ሰንሰለት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ወንዞች ካየሁ የመሬቱ ጀርባ ላይ ቆሜያለሁ፣ በሁለቱም በኩል የባሕር ዳር ወይም ሐይቅ አለ። አጭር ወንዝ ከሆነ ባሕሩ ቅርብ ነው። ያን ማታ «ባሕር» ብዬ የተሸነፍኩት ወንዙን ልብ ሳልል ነው። ወንዙ ከዚያ ተራራ ተነስቶ ወደ እኛ ነበር የሚመጣው። ከጀርባው ባሕር እንዲኖር የሚያስገድድ ምንም ምልክት አልነበረም።

ሌላው ትልቅ ስህተቴ የናሙና ነው። መጀመሪያ ያየሁትን መሬት የዓለሙ ሁሉ መለኪያ አድርጌ እወስደው ነበር። «ቤቴ ዙሪያ 20 ታይል ውስጥ 5 ሀብት አለ፣ ስለዚህ በ200 ታይል 50 ይኖራል» እያልኩ። ሒሳቡ ልክ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጌሙ ማንንም ዝም ብሎ የትም አይጥለውም። የመነሻ ቦታ ሲመርጥ የሚጠጣ ውኃ ያለው፣ እህል የሚያበቅል፣ ሀብት ያለበት ሰፈር ይፈልጋል። ስለዚህ ቤትህ ዙሪያ ከአማካዩ የተሻለ ነው። በሱ ለክተህ ሩቁን ከገመትክ ሁልጊዜ ታጋንናለህ።

ስካውቱም ያዳላል። ኮረብታና ደን እርምጃ ስለሚበሉ፣ በአንድ ተራ 3 እርምጃ ያለው ስካውት በተቻለው ሜዳ ሜዳውን ነው የሚሄደው። የምታየው መሬት ከእውነተኛው ይልቅ ሜዳ ይበዛዋል። ሰሜን ሸዋን ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ብቻ ያየ ሰው እንደማለት ነው። መንዝን አላየም፣ የጀማን ገደል አላየም። በአስፋልቱ ዳር ባየው ግን ስለ ሀገሩ ሁሉ ያወራል። እኔ አሁን በሜዳ የሄደ ስካውት ያመጣልኝን ስዕል ስቀበል በግራና በቀኝ ያለውን ጨለማ ከታየው በላይ ኮረብታማ አድርጌ ነው የምስለው። ኮረብታ ላይ ሲወጣ ደግሞ አንድ ተራ አቆመዋለሁ፣ ከላይ ሆኖ ከፊቱ ያለውን ደንና ኮረብታ አሻግሮ ያያል። አንዲት ኮረብታ ላይ መቆም ሜዳ ላይ ሁለት ተራ ከመሮጥ ይሻላል።

መሬቱ ስንት ሰው ይይዛል የሚለውን በዚህ መንገድ እገምታለሁ። ስሞል ካርታ 74 በ46፣ ማለትም 3,404 ታይል ነው። ሳትነካካው ከጀመርክ ከአንተ ጋር 6 ሀገር አለበት፣ በተጨማሪ 9 ባለ አንድ ከተማ መንግሥታት። «ኮንቲነንትስ» በሚባለው የካርታ ዓይነት ላይ ስጫወት ለሒሳቤ አንድ ሦስተኛውን መሬት፣ የቀረውን ውኃ አድርጌ እይዘዋለሁ። 1,135 ገደማ ይመጣል። ለ6 ሲካፈል ለአንድ ሀገር 189። አንድ ከተማ በ3 ታይል ዙሪያዋ ነው የምትሠራው፣ ራሷን ጨምሮ 37 ታይል። 189 ለ37 ሲካፈል 5። ከዚህ ላይ ተራራው፣ በረዶውና 9ኙ ትንንሽ መንግሥታት ይቀነሱ። ከተሞችን አጠጋግቶ መትከል ደግሞ ትንሽ ይመልሳል። እንግዲህ የድርሻዬ መሬት 4 ወይም 5 ሰፋፊ ከተማ ነው ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ምን ይጠቅማል? 40ኛው ተራ ላይ 3 ከተማ የሚይዝ መሬት ብቻ አይቼ ዳሩ ላይ ከደረስኩ፣ ድርሻዬ ጎድሏል ማለት ነው። ወይ ያላየሁት መሬት በጨለማው ውስጥ አለ፣ ወይ ጎረቤቴ ይዞታል። ያኔ ስካውቱን ወዴት እንደምልክ አውቃለሁ። ያለ ቁጥሩ «መሬት አለቀ» ብዬ እቀመጥ ነበር። ቁጥሩ ልክ ባይሆንም ጥያቄውን ልክ ያደርገዋል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ።

ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ጣርማበር ላይ መኪና አቁመን ነበር። ጉም ነው፣ 10 እርምጃ አይታይም። ገደሉ አፋፍ ላይ ነን፣ ከታች ነጭ ብቻ። አባቴ «ዝም በል፣ ስማ» አለኝ። ዶሮ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ውሻ። ቀጥሎ ሰው ሰውን ሲጣራ። «እዚያ ታች መንደር አለ» አለ። ሳናየው። ጉሙ ሲገለጥ ሦስት አራት ጎጆ፣ የታጨደ ማሳ፣ አንድ ባሕር ዛፍ ታየን። ድምፁ የመጣው በትክክል ከዚያ ነበር።

ጌሙ ውስጥም ጨለማው ድምፅ አለው። ድምፁ ሽፍቶቹ ናቸው። ባርቤሪያን የሚባሉትን እኛ ሽፍታ ነው የምንላቸው። ሰፈራቸው የሚበቅለው የማንም ዓይን በማያየው ቦታ ነው። መጀመሪያ ስካውታቸው ይመጣል፣ ከተማህን ያያል፣ ከዚያ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ይናገራል። ብዙ ሰው ወዲያው ሊገድለው ይሯሯጣል። ልክ ነው፣ ካልተመለሰ ወረራው አይመጣም። ግን ከመግደልህ በፊት ከየት በኩል እንደመጣ ጻፍ።

ከዚያ የሚከተለውን እይ። ፈረሰኛ ከመጣብህ፣ ያ ሰፈር አጠገቡ የፈረስ ሀብት አለው ማለት ነው። ጌሙ ፈረስ አጠገብ ላለ የሽፍታ ሰፈር ነው ፈረሰኛ የሚሰጠው። የሚገርመው፣ አንተ እንስሳት ማርባትን ሳትማርና ፈረስ በካርታህ ላይ መታየት ሳይጀምር ይህን ታውቃለህ። ፈረሱ ቀድሞም መሬቱ ላይ አለ፣ አይታይህም እንጂ። በመርከብ ከመጡብህ ደግሞ ሰፈራቸው ባሕር ዳር ነው።

የአክስቴ ልጅ ያን ማታ «ፈረስ አይጠፋውም» ያለው በዘፈቀደ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ጠየቅሁት። «ከዚያ ተራራ በኩል 30ኛው ተራ ላይ ፈረሰኛ ሽፍታ መጥቶብን አልነበር? በእግሩ የሚመጣ ሌላ፣ በፈረስ የሚመጣ ሌላ» አለኝ። ደንቡን አያውቀውም ነበር። ያየውን አልረሳም፣ ይኸው ነው።

የባሕሩም እንዲሁ ምልክት አለው። ፈካ ያለ ሰማያዊው ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው፣ ሁልጊዜ መሬትን ተጠግቶ ነው የሚገኘው። ጠቆር ያለው ውቅያኖስ ነው። መርከብህ ዳር ዳሩን ስትሄድ ከጠቆረው ውኃ ማዶ እንደገና ፈካ ያለ ሰማያዊ ብልጭ ካለ፣ እዚያ ማዶ መሬት አለ። ካርቶግራፊ የሚባለውን ዕውቀት እስክትማር ድረስ ጥልቁን መሻገር አትችልም። ግን አቅጣጫውን አሁን ጽፈህ ካስቀመጥክ በኋላ ከማንም ቀድመህ ትደርሳለህ።

ሰዎችም ይናገራሉ። የሌላ ሀገር መሪ ስታገኝ የንግድ ገጹን ክፈት፣ ምንም ባትገዛ። ያለውን ሀብት ያሳይሃል። ጌሙ የቅንጦት ሀብቶችን በየአህጉሩ ከፋፍሎ ነው የሚያስቀምጠው፣ የአንዱ አህጉር ዕቃ ሌላው ጋ አይገኝም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንተ ጋ የሌለ ዕቃ ካለው የሱ ሰዎች ሌላ አህጉር ረግጠዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጌሙ አህጉር የሚለው በባሕር የተለየውን ብቻ አይደለም። አንድ ወጥ መሬት ለሁለት አህጉር ሊከፈል ይችላል። የአህጉር ሌንሱን፣ አህጉሮቹን በቀለም የሚለየውን፣ ከፍቶ ማየት ነው። ኮኮዋ ካለው ደግሞ የዝናብ ደን አለው፣ የዝናብ ደን ካለው ወደ ወገቡ ነው።

መሪው ማን መሆኑም ምልክት ነው። ጌሙ ሀገሮችን በሚስማማቸው መሬት ላይ ለማስጀመር ያዘነብላል። ሩሲያ ቱንድራ አጠገብ፣ ብራዚል የዝናብ ደን አጠገብ፣ ኢትዮጵያ ኮረብታ ላይ። የኢትዮጵያ መሪ ምኒልክ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በተሸጠ ተጨማሪ ፓክ የመጡ። ሠራዊታቸው ኮረብታ ላይ ሲዋጋ ይበረታል። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ የተወለዱ ንጉሥ ስለሆኑ ደስ ብሎን ጓደኛችን ኮምፒውተር ላይ ሄደን ነው የተጫወትነው። እንግዲህ ሩሲያን በምሥራቅ በኩል ካገኘሃት፣ ከተማዋን ሳታይ ሰፈሯን በቱንድራ ቀለም ቀባው። አልፎ አልፎ ይስታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይይዛል።

ስለ ብረት የምለው አለኝ፣ ያስለቀሰኝ እሱ ነውና። ብረት የሚታይህ ነሐስ መሥራትን ስትማር ነው። የሚገኘው ኮረብታ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በምዕራብ በኩል የተደረደሩ ኮረብታዎች አየሁና ደብተሬ ላይ «ብረት አለ» ብዬ ጻፍኩ። «ሊኖር ይችላል» አላልኩም። ሁለት ሰፋሪ ይዤ፣ ብረቱ እስኪታይ ከተማ ሳልተክል 9 ተራ ጠበቅሁ። ሲገለጥ በእነዚያ ኮረብታዎች ላይ አንድም የለም። ሁለቱ ብረት ጎረቤቴ ድንበር ውስጥ ነበር። 80ኛው ተራ ላይ በሰይፈኛ መጣብኝ፣ ሁለት ከተማ ወሰደብኝ።

ኮረብታው ለብረት ያስፈልጋል እንጂ አይበቃም። ከዚያ ወዲህ በደብተሬ ላይ ሦስት ምልክት አለኝ። ያረጋገጥኩት ላይ መስመር አሰምርበታለሁ፣ ለምሳሌ «ይህ ወንዝ ውኃ ይደርሳል»። ምልክት ያለው ግምት ላይ ነጠብጣብ፣ ለምሳሌ «ከዚህ በኩል ፈረስ»። ምኞት ላይ የጥያቄ ምልክት። ሰፋሪ የማንቀሳቅሰው በመስመርና በነጠብጣብ ብቻ ነው። በጥያቄ ምልክት ላይ ስካውት እንጂ ሰፋሪ አይላክም።

ምን ያህል ኮረብታ ስንት ብረት ይሰጣል የሚለውን ከሌላ ሰው አትውሰዱ። ጌሙ ሲጀመር ሀብቱን ማሳነስና ማብዛት ስለሚቻል መጠኑ ይለያያል። ይልቅ የተጫወታችሁት ጌም ሲያልቅ ወዲያው አትዝጉት። የታየውን መሬት ይዛችሁ ኮረብታውን ቁጠሩ፣ ብረቱን ቁጠሩ፣ ጻፉ። እኔ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ሦስት አራት ጌም ካለፈ በኋላ ለራሳችሁ አጨዋወት የሚሆን ቁጥር ይኖራችኋል።

የሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልለፍ። ፈረስ ሣርማና ሜዳማ ድልድል መሬት ላይ ነው። ናይተር፣ ለባሩድ የሚሆነው ማዕድን፣ እሱም ድልድል መሬት ይወዳል። የድንጋይ ከሰል የሣርና የሜዳ ኮረብታ ላይ ነው። አሉሚኒየም በረሃና ሜዳ። ነዳጅ ግን በጣም ዘግይቶ ነው የሚታየው፣ የሚገኘውም ማንም በማይፈልገው መሬት ነው፦ በረሃ፣ ቱንድራ፣ በረዶ፣ ረግረግ፣ ጥልቀት የሌለው ባሕር። ስለዚህ 100ኛው ተራ ላይ «ይህ ቱንድራ ምን ያደርግልኛል?» ብለህ ለጎረቤት አትተወው። አንዲት ትንሽ ከተማ ጣልበት። የመንዝ ሰዎች ጓሳን ሲጠብቁ የኖሩት እንዲህ ነው። ለእርሻ የማይሆን ብርዳም መሬት ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። እነሱ ግን ለብዙ ትውልድ ለዓመታት እየዘጉ፣ ሣሩ ሲደርስ እየከፈቱ፣ ጣሪያ ከድነውበታል፣ በክፉ ቀን ከብት አውለውበታል።

አሁን ገጹን እንዲህ ነው የምይዘው። በየ20 ተራው ጌሙን አቁሜ አዲስ ገጽ እገልጣለሁ። ያየሁትን በእርሳስ፣ ያላየሁትን በቀይ። ከያንዳንዱ ግምት ጎን ምክንያቱን በአንድ መስመር እጽፋለሁ፦ «ወንዙ»፣ «ፈረሰኛ ሽፍታ»፣ «ፈካ ያለ ውኃ»። ምክንያት ያልተጻፈለት ግምት ሲስት ለምን እንደሳተ አታውቅም። የድሮውን ገጽ ቀድጄ አልጥልም፣ በላስቲክም አላጠፋም። ሲሳሳት ጎኑ ላይ ኤክስ አደርግበታለሁ። መጀመሪያ ከ10 ግምት 2 ወይም 3 ነበር የሚይዝልኝ። አሁን በጥሩ ጌም 6 ይሆናል፣ አንዳንዴ 7። ወንዝና የአየር ቀበቶ ላይ ብዙ አልስትም። ሀብት ላይ ገና ነኝ።

ሰው አብሮህ ቢገምት ደግሞ ይረዳል። በተለይ ከሌላ ሀገር የመጣ ሰው። የአክስቴ ልጅ እኔ የማላየውን ያያል፣ እኔም እሱ የማያየውን። ሁለታችን አንድ ቦታ ላይ ሳንነጋገር አንድ ዓይነት ነገር ከጻፍን ያ ቦታ ነጠብጣብ ይሆናል። ከተለያየን የጥያቄ ምልክት ነው፣ ስካውቱ መጀመሪያ የሚሄደውም ወደዚያ ነው።

ይህን ስጽፍ ላፕቶፑ ላይ 62ኛው ተራ ላይ የቆመ ጌም አለ። ደቡብ ምሥራቁ በሙሉ ብራና ነው። አንድ ወንዝ ወደዚያ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ከዚያ በኩል የሽፍታ መርከብ መጥቷል። በቀይ «ባሕረ ሰላጤ፣ ከ8 ታይል ባልራቀ» ብዬ ጽፌ፣ ጎኑ ላይ ሁለቱን ምክንያት አስቀምጫለሁ። የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ከሮቢት ይመጣል። የሱን ሰማያዊ ሳይሞላ ስካውቱን አላንቀሳቅስም።